አምስት ደረጃ ለማፍረስ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ መርስዔ ኃዘን፣ አሶሳ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ትሕትናስ፣ ልጃችን ቤተልስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን እንዳልልህ ግን፣ ይህን የምጽፍልህ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው።

እማዬ ለኅዳር ጽዮን ማለዳ ስትወጣ፣ የበረንዳችን ደረጃ ላይ ውርጭ አንሸራትቷት መውደቋን ሰምተሃል። ዳሌዋ ቢሻላትም እነዚያን አምስት ደረጃዎች መውረድ አቃታት። ቅዳሴ ሳይታጎልባት የኖረች ሴት፣ ደወሉን አልጋዋ ላይ ሆና እየሰማች ታለቅስ ነበር። እኔም ደረጃውን አፍርሼ፣ እየተደገፈች የምትወርድበት የድንጋይ ተዳፋት ላሠራላት ቆረጥኩ።

ለካ የገዛ ቤታችንን ደረጃ ለመንካት የቤት ሥራ ማኅበራችን መፍቀድ አለበት! የቤቶቹ ሁሉ ፊት አንድ ዓይነት ይሁን የሚል ደንብ አላቸው። ደንብ አልጠላሁም፤ ማመልከቻ ጻፍኩ። ፕላን የለውም ብለው መለሱልኝ። ፕላን አሠርቼ ሄድኩ፤ የግራና የቀኝ ጎረቤት ይፈርም አሉ። አስፈርሜ ሄድኩ፤ ጸሐፊው ለቅሶ ላይ ነው አሉ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ በኃይሉ፣ አቶ ማለቱን ትቼዋለሁ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ቤቱ የተመዘገበው በእናትሽ ስም ስለሆነ ራሳቸው ቢሮ ቀርበው በአሻራቸው ይፈርሙ! ደረጃ መውረድ ያቃታት ሴት፣ እንዳቃታት ወርዳ ታስረዳ ማለት ነው እኮ! አሻራውን እቤት መጥታችሁ ውሰዱ ብዬ ብለምነው፣ አሠራራችን አይፈቅድም አለኝ።

ይህን ስነግራት እማዬ አላለቀሰችም። የእድሩን ሰዎች ጥሪልኝ አለች። እሑድ የማኅበሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ አራት ጎልማሶች በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመው፣ ለብርዱ ጋቢ ደርበውላት ወሰዷት። እኔና ጎረቤቶቻችን ከኋላ ተከተልን። በኃይሉ ቃሬዛውንና ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ነፍስ ይማር! መቼ ዐረፉ?» አይል መሰለህ! እማዬ ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «ያንተን ነፍስ ይማር! እኔስ ልፈርም ነው የመጣሁ» አለችው። ኮሚቴው በሙሉ አንገቱን ደፋ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክረው አስፈረሟት። ከዚያስ? ጉዳይዎ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል አሏት!

የተሸከሟት ሰዎች ግን ስብሰባ አልጠበቁም። ከእነሱ አንዱ ግንበኛው ይታየው ያኑ ዕለት ደረጃውን መፈንቀል ጀመረ፤ በሦስት ቀን ተዳፋቱ አለቀ። እማዬ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በእግሯ ሄዳ አስቀደሰች። ምነው በነበርክና ፊቷን ባየኸው! ትናንት ደግሞ ባለማኅተም ደብዳቤ መጣ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አፍርሰሽ እንደነበረ መልሺ ይላል። አንድ ፈቃድ መጻፍ ለወራት ያቃተው እጅ፣ አፍርሺ ለማለት እንዴት ፈጠነ! አላፈርስም፤ ከፈለጋችሁ ክሰሱኝ ብያቸዋለሁ። አንተም ከቻልክ አሥራ አምስቱ ቀን በሚያልቅበት ሰሞን ፈቃድ ወስደህ ናልኝ፤ ልጇ አጠገቧ ይቁምላት።

ትሕትናን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ። ቤተልን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጎረቤታችን አስካለ ማርያምና ይታየው እጅ ነስተዋል። እማዬ ደግሞ አገላብጣ ስማሃለች፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊለትም ብላኛለች፦ ሊያፈርሱ ሲመጡ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል፤ እኔን ለማንሳት የማንን ፈቃድ እንደሚጠይቁ አያለሁ።

እህትህ ጠጄ
መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.