ከድምፅሽ ኋላ የሰማሁት

ሪያድ፣ ዐዚዚያ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርያ፣

ሰላምታዬን እንዳላበዛልሽ ተቆጥቼብሻለሁ፤ ስለዚህ በልክሽ ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። ፊደሌ ከተጣመመ እጅጋየሁን ውቀሺ፤ ጁምዓ ጁምዓ መንሱራ ሰፈር ቤቷ እየሄድኩ በዚህ ዕድሜዬ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት።

የምሠራላት ማዳም ልጅ ፉአድ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ገዛ። ገዝቶ አያዳምጥበትም፤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሌት ተቀን ያስጮኸዋል። ጩኸቱም ዘፈን አይደለም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። «ያ ኻላ፣ እንዳታጠፊው!» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። «አዲስ ስለሆነ ድምፁ ገና እንደታሰረ ነው። ብዙ ሲሠራ ይፈታል።»

«እያሟሸሁት ነው አትልም!» አልኩት። አዲስ ሸክላ ድስት ሳይሟሽ ወጥ እንደማይሠራበት ስነግረው ደስ አለው። እህቱ ኢልሃም ግን ሳቀችበት። «የሚለምደው ማዳመጫው አይደለም፣ ያንተ ጆሮ ነው» አለችው። ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። ማን ልክ እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ተሟሸ ከተባለ በኋላም ስልኩ ላይ ሲሰካው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ሆነበት። ለካ ከባድ ማዳመጫ ጉልበት የሚሰጠው ሳጥን ይፈልጋል፤ አምፕሊፋየር ይሉታል። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ትንሽዬ ገዛ፤ ግልገል አህያ ላይ ጭነት እንደመጫን ሆነ። ከዚያ ከአጎቱ ቤት እንደ ብሎኬት የከበደ፣ መልኩ የሚያስጠላ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ያ ገጠመ! «ኻላ፣ በመልክ አይመረጥም፤ አቻውን ማግኘት ነው» አለኝ። ያኔ ባልሽ አብዱሰላም ትዝ አለኝ ብዬ አልጽፍም። ያ ባጃጅ ነጂ አቻሽ አይደለም ብያለሁ፤ ብያለሁ።

«አንቺም ሞክሪ፣ ምን ልክፈትልሽ?» አለኝ ፉአድ። እኔ ምን አለኝ? ስልኬ ላይ ያለው ያው የምትልኪልኝ ደረቅ የድምፅ መልእክት ነው። «እማ፣ ደህና ነኝ፣ አዲስ ነገር የለም፣ በቃ ቻው።» ስልኬን ሳጥኑ ላይ ሰካና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋልኝ።

ኑርያ! ክፍሉ ውስጥ ገባሽ። ትንፋሽሽን ሰማሁ። ጉንፋን ይዞሽ ነበር፤ ዝንጅብል ጠጪ። ከኋላሽ ደግሞ የሆነ ነገር እኝ አለ። ድመት መሰለኝ። አስደገምኩት። ምን ድመት! ገና ጥርስ የሌለው ሰው ነው እንጂ። አንድ ወንድ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሽሽ፣ አያትሽ ትሰማሻለች» ይላል።

አዲስ ነገር የለም አልሽኝ? አዲሱ ነገር ከኋላሽ ይነጫነጫል!

ፉአድ ደንግጦ «እየሳቅሽ ነው እያለቀስሽ?» አለኝ። «ኸላስ፣ በቃ ውጣልኝ!» ብዬ ከገዛ ክፍሉ አባረርኩት።

አብዱሰላምን ወደድኩት ማለቴ አይደለም። ድምፁም የተሰነጠቀ ነው። ግን ልጅ ማባበል ያውቃል፤ አባትሽ አያውቅም ነበር።

አያት በሉኝ ብዬ ማንንም አልለመንኩም። መደበቅሽንም ቶሎ አልረሳልሽም። ግን ከእንግዲህ መልእክት ስትልኪ አንቺ ዝም በይ፤ ስልኩን አፏ ጋ አስጠጊና እስኪበቃት ታልቅስ።

ይህን ደብዳቤ ጓደኛዬ ፍቅርተ ወደ አገር ስትገባ ታደርስልሻለች። አብሮ ከዲራ ገበያ የገዛሁላት ቀሚስ አለ። ሰፊ ከሆነ ታድግበታለች።

አላህ ያሳድጋት፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ይስጣችሁ፣ ለሦስታችሁም። ለሦስታችሁም ብያለሁ፤ ተሳስቼ አይደለም።

ከታች ክፍት ቦታ ትቻለሁ። ስሟን ሙዪበትና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ ሳዲያ፣
የ………………… አያት