የአባት ስም የሚያውቅ ሳጥን

ቂርያት ማላኪ፣ እስራኤል፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ጎንደር ላለኸው ወንድምዓለም ደባሱ ሐብቴ፣

ጤናህን አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ወገቡን ቢያመውም እረፍ ሲሉት ይቆጣል። የመምጫ ፈቃድህን ነገር በየሄደበት ይጠይቃል፤ እስካሁን ያው ነው። ዛሬ ግን የራሴን ወሬ ነው የምጽፍልህ። ትንሽ ልኮራብህ ነውና ታገሠኝ።

ያቭኔ ከተማ ያለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ለሙከራ ወስዶኛል ብዬህ አልነበር? አለቃዬ ሞሼ የመጀመሪያ ሥራ ብሎ የሰጠኝ ገዴራ ላለ የጥርስ ክሊኒክ ነበር። ፕሮግራማቸው ሲከፈት የታካሚው ስም ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይዘረገፋል፤ እንግዳ ተቀባይዋ ኖዓ በዓይኗ እየለቀመች ነበር የምትፈልገው። ሞሼ፣ ከላይ የመፈለጊያ ሳጥን ግጠሚበት፣ የቤተሰብ ስም ሲጻፍ ሰውየው ይውጣ፤ ከሠራ ትቀጠሪያለሽ፣ ካልሠራ እናያለን አለኝ። “እናያለን” ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባሃል።

ሠራሁት። ገና ሁለት ፊደል ስትነካ ስሙ ከች ይላል። ገዴራ ሄጄ ስገጥመው ኖዓ አቀፈችኝ።

ከዚያ አባ አለነ የሚባሉ የኛ ሰው ገቡ፤ ጉንጫቸው በጥርስ ሕመም አብጧል። ኖዓ የቤተሰብ ስም ስትላቸው “ጥላዬ” አሉ። ሳጥኑ የለም አለ። ደግማ ጻፈች፣ የለም። ቶር የለህም፣ ሌላ ቀን ና አለቻቸው፤ ቶር የሚሉት ቀጠሮውን ነው። ለካ ጥላዬ ያሉት አባታቸውን ነው። እዚህ ስንገባ የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይጽፉታል፤ የአባት ስም ፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እኔ ራሴ መሥሪያ ቤት ማሪቱ መባሌ ቀርቶ ሼሊ ጓዴ ነኝ፤ የሐብቴ ልጅ መሆኔን የሚያውቅ የለም። ይኼን እያወቅሁ ሳጥኑን ስሠራ ትዝ አላለኝም።

አባ አለነ ዞር ብለው አዩኝ። “አንቺ ነሽ የሠራሽው?”

አዎ አልኩ።

“አባቴን የማያውቅ፣ እኔን ከየት ብሎ ያገኘኛል?”

የአያታቸውን ስም ጠይቄ አገኘኋቸውና ታከሙ። ፊቴ ግን እንደጋለ ያቭኔ ተመለስኩ። ሞሼን የአባት ስምም ልጨምርበት አልኩት። ደንበኛው የጠየቀው ተሠርቷል፣ ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ብትነካኪው የምታበላሺው የራስሽን እንጀራ ነው አለኝ። ዝም ብል ኖሮ ያኔውኑ እቀጠር ነበር።

“ሞሼ፣ እዚያ ከሚሰለፈው ስንቱ የኛ ሽማግሌ ነው። ሳጥኑ ለእነሱ አልሠራም። ያልሠራውን ሠርቷል አልልም” አልኩት።

ራሱን አከከና “ያላ፣ በይ አሳዪኝ” አለ።

አሁን የራስህን በለው፣ የአባትህን፣ የአያትህን፣ በፈለግኸው ቅደም ተከተል ጻፈው፤ ያገኝሃል። አባ አለነ ሲመለሱ ኖዓ “ጥላዬ” ብላ ጻፈች፣ ወጡ። ስክሪኑን አዙራ አሳየቻቸው። ለተሰለፈው ሰው ሁሉ፣ አባቴ ገዴራ ድረስ ታወቀ እያሉ ሲያወሩ ነበር ጥርሳቸውን ሳይታዩ የቆዩት። ሞሼም ቀጠረኝ። አባባ መጋዘኑ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም።

ወንድምዓለም፣ ይኼን የተስተካከለውን ሳጥን መጀመሪያ የሞከርኩት ቤት ውስጥ ነው፤ ለሙከራ ያስገባሁት እዚህ ያለነውን ልጆች ብቻ ነበር። “ሐብቴ” ብዬ ስጽፍ እኔና ትንሹ ወንድማችን ኤታን ወጣን። አንተ የለህም። ጻፍኩህና ደግሜ ፈለግሁ፤ ሦስታችንም ተደርድረን ወጣን። አድራሻ ሲጠይቀኝ ቂርያት ማላኪ ብዬ ሞላሁት። ለክሊኒኩ ከመስጠቴ በፊት የሙከራ ስሞቹን ማጥፋት ነበረብኝ። የኔንና የኤታንን አጠፋሁ። አባባ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ያንተን ለማጥፋት እሱ ወደ ጓዳ እስኪገባ ጠበቅሁ።

እናትህን እማማ የሺዓለምን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አምላክ እጅህን ከእጃችን ያገናኝልን።

የምትወድህ እህትህ፣
ማሪቱ