ሳላያት አልመርቅም

ሰኞ

ዛሬም ቲቪው ቆመ። መዘምራኑ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ ፊታቸው ላይ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። አባባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው፤ ጥፋቱ የመነጽሩ መስሎት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቅዳሜም እንዲህ ነው የምታሳዩኝ?» አለኝ። አይ፣ ይስተካከላል አልኩት። ዋሸሁት። ይስተካከል አይስተካከል እኔ ምን አውቄ።

ቅዳሜ ታናሽ እህቴ አስቴር ድሬዳዋ ታገባለች። እሷም እጮኛዋም እዚያ አስተማሪዎች ናቸው፤ ድግሱን የያዙላቸውም የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ናቸው። አባባ ሱፉን አሳጥቦ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። እግሩ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ከጉኑኖ ሶዶ እኛ ቤት አመጣነው። ሐኪሙ «ልቡ ደክሟል፤ መኪናም አውሮፕላንም እንዳታስቡ» አለን።

አስቴር በስልክ አለቀሰች፤ ይራዘም አለች። እምቢ ያለው ራሱ አባባ ነው። «አይራዘምም» ብቻ አለ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ግን ገብቶኛል። እስከዚያ እኖራለሁ ብሎ አያስብም። 

ስለዚህ እንዲህ ተባለ፦ ሰርጉ በኢንተርኔት በላይቭ ይተላለፋል፤ አባባ ሳሎናችን ባለው ቲቪ ያያል፤ ሙሽሮቹ ሲንበረከኩ እሱ በስልክ ይመርቃል፤ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ በስፒከር ይሰማል። የተስማማው በአንድ ነገር ነው። «ሳላያት አልመርቅም» ብሏል። በእኛ ቤት ሴት ልጅ አባቷ ፊት ተንበርክካ ሳትመረቅ አትወጣም። አባባ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ የጉኑኖን ልጆች ግማሹን መርቆ የዳረ ሰው የራሱን ልጅ በወሬ አይመርቅም።

እማዬ ብትኖር «ተው እንጂ፣ በስልክ ይብቃህ» ትለው ነበር፤ እሷን ይሰማት ነበር። አምና አረፈች። አሁን እሱን የሚያግባባው የለም፤ እኔና ይህ ቲቪ ነን ያለነው።

ማክሰኞ

የሞከርኩት፦

ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። አንድ መዝሙር እስኪያልቅ ሠራና ቆመ።

ቲቪውን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው።

ጸለይኩ። (ጴጥሮስ «እሱን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብሽ» አለኝ። ባሌ በሰው ጭንቀት መቀለድ ይወዳል።)

ከዚያ ራውተሩ ያለበትን ቦታ አየሁ። ዋይፋዩ ሲገባልን ጌጥ መስሎኝ ቡፌው ውስጥ፣ ከሰርጋችን ብርጭቆዎች ኋላ አስቀምጬው፣ ዳንቴል አልብሼዋለሁ። ስነካው እንደ ትኩስ ድንች ያቃጥላል። አውጥቼ ከቲቪው አጠገብ አደረግሁት፣ ዳንቴሉን አነሳሁለት፣ ከገበያ ኬብል ገዝቼ ራሱን ከቲቪው ጋር አገናኘሁት። ተሻለ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ጎረቤቱ ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲገባ እንደገና መንተባተብ ጀመረ።

በመጨረሻ የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግሁ። አልቆመም፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ደስ ብሎኝ አስቴር የላከችልንን ቪዲዮ ከፈትኩለት።

«ይቺ ማናት?» አለ አባባ።

«አስቴር ናታ!»

ጠጋ ብሎ አየ። «ፊት የላትም እኮ» አለ።

እውነቱን ነው። ለደከመ ዓይን ያ ምስል ጭጋግ ነው። ጥራቱን መልሼ ከፍ አደረግሁት፤ ክቧም ተመልሳ መጣች። «ፊት የላትም» ያለበት ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ረቡዕ

ሀብታሙን ለመንኩት። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሚያየው እሱ ነው፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ሶዶ ከተመደበ ጀምሮ የእኛን ፕሪንተር ሲያባብል ይውላል። ከሥራ ስንወጣ አብሮኝ መጣ። ለአባባ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና በስልኩ የራውተሩን ገጽ ከፈተ። 

«ማርታ፣ እዚህ ቤት ማን ማን ነው የሚኖረው?»

«እኔ፣ ጴጥሮስና አባባ።»

«ታዲያ እነዚህ እነማን ናቸው?» ዝርዝሩን በጣቱ እየገፋ አሳየኝ። አያልቅም። ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የማን እንደሆነ የማናውቀው ቲቪ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል። እናንተ ደግሞ አንዷን ሎሚ ለሃምሳ ሰው አካፍላችኋታል» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም፤ ወዲያው ገባኝ። የእማዬ ለቅሶ ጊዜ ነው። ወጣቶቹ ትንሽ ተቀምጠው እንዳይሄዱ፣ ጴጥሮስ ፓስዎርዱን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። እውነትም ቆዩልን። ሌሊቱን ሁሉ አብረውን አደሩ፤ ድንኳኑ አንድም ቀን ባዶ አልሆነም፣ አባባም ለብቻው አልተቀመጠም። ድንኳኑ ሲነሳ ካርቶኑም ተነሳ። ፓስዎርዱ ግን በየሰዉ ስልክ ውስጥ ቀረ።

«ቀይሪው። የደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ ሀብታሙ።

ለሱ የደቂቃ ሥራ ነው። እነዚህ እናቴን አብረውኝ የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ደስታዬ ሲመጣ በሩን ልዝጋባቸው? ለጴጥሮስ ይህንኑ ብነግረው፣ «አባትሽ ይበልጣል ጎረቤት?» አለኝ።  አባባ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ እስከ ሳሎን ይሰማል። ትንፋሹ አንዳንዴ ይዘገያል።

ሐሙስ

ቀየርኩት። ጠዋት ለማንም ሳልናገር እንደ ሌባ ቀየርኩት። ቲቪውን ከፈትኩ። ጥርት ብሎ፣ ሳይቆም፣ ሳይንተባተብ ሄደ። አባባ «አሁን ሰው ይመስላሉ» አለ።

ደስታዬ ግን ምሳ ድረስ እንኳ አልቆየም። መጀመሪያ የማዶው ቤት ልጆች በአጥሩ በኩል «ዋይፋይ ጠፋ!» ሲባባሉ ሰማሁ። መጋረጃውን ሳብኩት። ከገዛ ጎረቤቶቼ መደበቄ ነው!

አመሻሹ ላይ እትዬ አማረች ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ለእማዬ ለቅሶ የሰፈሩን ሴቶች ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸው ጋምቤላ ይሠራል፣ ማታ ማታ በቪዲዮ ይደውልላቸዋል። በእኛ ዋይፋይ።

«ማርታዬ፣ ኢንተርኔት ሞተች እንዴ?» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው፣ አየዋለሁ አልኳቸው፣ የማይረባ ነገር ቀባጠርኩ። ቲቪው ከኋላዬ ጥርት ብሎ እየሠራ ነው። አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጥፋት ካለብን በሽማግሌ ንገሪን እንጂ» አሉ።

ሞትኩ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ልቡ፣ ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ክቧ፣ «ሳላያት አልመርቅም» ስላለው ነገር። እስክጨርስ ሰሙኝ። ተቆጥተዋል፤ ግን በፓስዎርዱ አይደለም።

«የአስቴር ሰርግ በቲቪ አለ፣ እኛን አልጠራሽንም?»

ዕንባዬን በመዳፌ ጠረግሁ።

«የድሮውን መልሺው» አሉኝ። «ቅዳሜ ማንም አይነካውም። ለቅሶ አብሮሽ ያደረ ሰው ለሰርግሽ ስልክ መዝጋት ያቅተዋል? እኔ ቤት ለቤት እነግራለሁ። ቅዳሜ ሁሉም እዚህ ነው፤ ሁሉም በአንዷ ቲቪ ያያል።»

መለስኩት። ለጴጥሮስ እስካሁን አልነገርኩትም።

ዓርብ

ለጴጥሮስ ነገርኩት። ጮኸ። «ሰው አሳይሽኝ፣ ዋይፋይ በእጁ እያለ የማይነካ!» አለ። «አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ ቢረሳ፣ አባትሽ ፊት ነው የሚቆመው።» ልክ ነው፤ የኔም ፍርሃት ይኸው ነው። የሰው ቃል ተቀብዬ ቁልፌን መልሼ ሰጠሁ።

የምፈራው፦

መብራት። ዛሬ ሁለቴ ሄዶ መጣ።

ኔትወርኩ ራሱ ቢጠፋ። እሱን እትዬ አማረችም አይመልሱትም።

ስልኩ በመሃል ቢቋረጥ።

አባባ ሳያይ ቢቀር። ሳያይ ቢቀር አይመርቅም፤ አውቀዋለሁ። አስቴር አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተንበርክካ፣ አባቷ ዝም ሲላት ታየኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢሆንስ? ሳይመርቃት እንደሄደ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች።

ቢያይስ? ደስታውን ልቡ ይችለዋል?

የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ዛሬ ብዬው ብዬው አፌ ደረቀ። አባባ ግን ጢሙን ተላጭቷል። ሱፉን በር ላይ አሰቅሎ እያየው ነው።

ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ መጡ። ለአባባ ብለው አንዷ ወተት፣ አንዷ የተቀቀለ ድንች ከነዳጣው ይዘዋል። (ጨውና ቃሪያ የበዛበትን ዳጣ ደበቅሁበት፤ ሐኪሙ ይገድለኛል።) እትዬ አማረች ግቢያችን በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆመው፣ «ዋይፋይ ዘግተሃል? አሳየኝ! አንቺስ?» ይላሉ። የራሳቸውን ስልክ ጭራሽ አጥፍተው በመሃረብ ቋጥረውታል። ሳሎኑ ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞላ። ጴጥሮስ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ አየ፤ የእኛ ቲቪና የራሱ ስልክ ብቻ ናቸው ያሉት። ገጹን ዘጋና ወጥቶ ለሰዉ ወንበር መደርደር ጀመረ። ይቅርታ መጠየቁ ነው እሱ ቤት።

አባባ ሱፉን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ መሃል ተቀመጠ። ምስሉ ጥርት ብሏል። አስቴር ስትገባ ሳሎኑ እልል አለ። አንዴ መብራቱ ደብዘዝ ሲል ሁሉም በአንድ አፍ «ኢየሱስ!» አለ፤ ተመለሰ።

ስልክ ተደወለ። የአዳራሹ መሪ ነው፤ ስፒከሩ ላይ አደረግሁት። «አባባ፣ ልጆችዎ ተንበርክከዋል። ይመርቁልን» አለ።

ቲቪው ላይ መዘምራን እየዘመሩ ነው። አስቴር ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

አባባ ስክሪኑን አየ። «አልተንበረከከችም» አለ።

ቆመ ብዬ ወደ ቲቪው ተንደረደርኩ። ግን አልቆመም! መዘምራኑ እየተወዛወዙ ነው፣ ክቧም የለችም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ቲቪው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስልኩ የአሁኑን ይነግረናል፣ ቲቪው ደግሞ ያለፈውን ያሳየናል። ሳምንቱን ሙሉ ክቧን ስዋጋ ይህን ማንም አልነገረኝ፣ እኔም አላሰብኩት።

«አባባ፣ እዚያ ተንበርክካለች፤ እዚህ ነው ገና ያልደረሰው» አልኩት።

«አላየሁም።»

በስልኩ ውስጥ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰው ሲያስል ይሰማል። መሪው «አባባ? ይሰማል?» አለ። ስልኩን ነጥቄ፣ «ይጠብቁ፣ እባካችሁ እንዳትነሱ፣ እስኪያያት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከወዲያ የአስቴር ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ «እጠብቃለሁ በይው» አለች።

ጠበቅን። መዝሙሩ አለቀ። መዘምራኑ ወረዱ። መሪው ማይክ አነሳ። አስቴር ቬሏን ሰብስባ፣ ከባሏ ጎን ተንበረከከች፣ አንገቷን ደፋች።

አባባ ተነሳ። ጴጥሮስ ሊደግፈው ሲል እጁን ገፋው። መዳፉን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ በወላይትኛ መረቃቸው። ውለዱ፣ ተከባበሩ፣ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፣ እናታችሁ ያላየችውን እናንተ እዩ። «ጦሳይ ኢንተና አንጆ» ብሎ ሲጨርስ፣ እግዜር ይባርካችሁ ሲል፣ ሳሎኑም በስልኩ በኩል ያለው አዳራሽም አሜን አሉ። ተቀመጠ።  ስልኩን ዘጋሁት።

ያላሰብነው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ቲቪው ላይ አስቴር አሁንም ተንበርክካለች፤ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ከዚያ ከአዳራሹ ስፒከር የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ይፈልጋል።

«ይሄ ማነው?» አለኝ አባባ።

«አንተ ነህ።»

ሳሎን ውስጥ ሲመርቅ ድምፁ የጠነከረ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ድካሙን ሁላችንም ሰማነው፤ እሱም ሰማው።  አባባ ቆቡን አወለቀ። ራሱን ዝቅ አደረገ። የራሱን ምርቃት እንደ ሌላ ሰው ምርቃት እስከ መጨረሻው አዳመጠና ቀስ ብሎ፣ «አሜን» አለ። አስቴር ዕንባዋን ስትጠርግ፣ ፊቷን ወደ ካሜራው ስታቀና አያት። ጥርት ያለ ፊት ነበራት።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እግሩ ዛሬ ከትናንት የበለጠ አብጧል፤ ሰኞ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። ፈርቼ ሳየው እሱ ነው ወሬ የጀመረው።

«የአስቴር መልስ እዚህ እንዳይሆን» አለኝ። «ጉኑኖ፣ እቤቴ ይሁን። ግቢው ይጠረግ።»

መቼ ይሁን አልኩት።

«ትምህርት ሲዘጋ ይምጡ። እጠብቃለሁ።»

ትምህርት የሚዘጋው ገና ነው፤ ብዙ ይቀረዋል። አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል። እሺ አልኩት። ነገ ግቢውን የሚጠርግ ሰው እልካለሁ።