የታጠበው ነጠላ

ሰኞ

አያቴን፣ እምዬን ገደሏት። ካልጻፍኩ እጮኻለሁ።

ከገነተ ማርያም ገበያ ስንመለስ ከጫካው ተኮሱብን። ማን እንደሆኑ አላየሁም፤ መሬት ላይ ተደፋሁ። አያቴ ግን፣ ያለ ምርኩዝ የማትራመደው አሮጊት፣ ምርኩዟን ወርውራ ልጄ ሕይወት ላይ ወደቀችባት። ጥይቱ በጀርባዋ ገባ። ልጄን ከሥሯ ጎትቼ ሳወጣት ፀጉሯ በደም ተለውሷል፤ ጭረት እንኳ የላትም። እኔ እናቷ ያላደረግኩትን ቅድመ አያቷ አደረገችላት።

አጎቴ ደሴ፣ የእምዬ የመጨረሻ ልጅ፣ ደም የነከረውን ነጠላዋን ምሰሶው ላይ ሰቀለው። በኛ ዘንድ እንዲህ የተሰቀለ ልብስ ደሙ ሳይመለስ አይታጠብም። ደም መላሹም ፀጉሩን አይላጭም፣ ለቅሶ አይቀመጥም። ግን ማንን ሊገድል ነው? ገዳዩን ያየ የለም።

ማክሰኞ

ቀበርናት። አያ መንገሻ መጣ። ጉሙዝ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያርሳል፣ የእምዬ የጡት ልጅ ነው። ራሱን እንደ ሐዘንተኛ ልጇ ተላጭቶ፣ ባዶ እጁን ነው የመጣው።

አጎቴ "የናንተ ሰዎች ናቸው!" ብሎ በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ ወልቆ አፈሩ ላይ ወደቀ። ደገመው። አያ መንገሻ እጁን አላነሳም።

"እናቴ ነው" አለ፣ ሴትን በወንድ በሚጠራ አማርኛው፣ ደም እየተፋ። "መጀመሪያ ልቅበር። ከዚያ ግደል።"

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሀል ባይገቡ እዚያው ይጨርሰው ነበር። አያ መንገሻ አፈር አልብሷት ሄደ። አጎቴ "ቤትህ ድረስ እመጣለሁ!" ብሎ ጮኸበት።

እውነቱን ልጻፍ፤ ሲመታው ደስ አለኝ። ማንም ይሁን፣ ብቻ አንድ ሰው ይሙትልኝ ብዬ ነበር።

ረቡዕ

ሕይወት በር በተንኳኳ ቁጥር መሬት ላይ ትደፋለች። ባሌ ከአሶሳ ደውሎ "ልጅቷን ይዘሽልኝ ነይ" ይላል። በየት መንገድ?

እምዬ የነገረችኝ ነገር አልለቅ ብሎኛል። ባሏን የመንገሻ አባት ገድሎት ሸሸ። የባሏ ወንድሞች መንገሻን፣ የወተት ጥርሱን ያልጨረሰውን ልጅ፣ ጠፍረው ደጇ ድረስ ጎተቱት። እያየች ሊያርዱላት። እሷ ደሴን እያጠባች ነበር። ቀሚሷን ቀደደችና ሌላውን ጡቷን መንገሻ አፍ ውስጥ ወተፈችው። "አሁን ልጄ ነው! ከፈለጋችሁ እኔን እረዱኝ!" አለቻቸው። ጡት የተጋራን የነካ የገዛ ወንድሙን እንደነካ ነው፤ ቢላቸውን ይዘው ተመለሱ። ደሴ ግን ቀንቶ ነከሳት። ጠባሳውን እያሳየችኝ ትስቅ ነበር። "የደመኛዬ ልጅ አልነከሰኝም፤ የነከሰኝ የገዛ ልጄ ነው" ትለኝ ነበር።

ሐሙስ

ነጠላውን አውርጄ ወንዝ ወስጄ አጠብኩት። አጎቴ ደረሰብኝ። መጀመሪያ በጥፊ፣ ከዚያ በእርግጫ። አንድ ዓይኔ አብጦ ተከድኗል።

"ደሟን ለወንዝ ሰጠሽው! አንቺ ደመ ቢስ!"

እኔም አልቻልኩም። "ያኔ ነከስካት፣ አሁን ልጇን ገድለህ ጨርሳት!" አልኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ የሚመታኝ መስሎኝ ፊቴን ሸፈንኩ። አልመታኝም። ጠመንጃውን አንግቶ ወንዙን ተሻገረ።

ዓርብ

ጠዋት ከማዶ አንድ ጥይት ጮኸ። በቃ፣ ገደለው አልኩ። ለእምዬ ያላነባሁትን ያህል ለአያ መንገሻ አነባሁ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ብቻውን መጣ። ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ አፈሙዙ ባሩድ ባሩድ ሸተተኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት "ዝም በይ" አለኝ።

በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። አያ መንገሻ ሲያየው አልሸሸም። "እናቴ ሲቀበር ጥይት አልተተኮሰም" አለው። "እናንተ ለትልቅ ሰው ትተኩሳላችሁ። መጀመሪያ ለእሱ ተኩስ። ከዚያ እኔ አለሁ።" እውነትም ቀብሩ ላይ በድንጋጤ ማንም ትዝ አላለውም። አጎቴ ወደ ሰማይ ተኮሰላት። ከዚያ በኋላ እሱ ላይ ለመተኮስ እጁ እንቢ አለው።

"ምላጭ አምጪ" አለኝ።

ላጨሁት። በአንድ ዓይኔ እያየሁ ስለነበር ከጆሮው በላይ ቆረጥኩት። ደሙን የምጠርግበት ስፈልግ የእምዬን ነጠላ ከገመዱ ላይ ራሱ አንስቶ ሰጠኝ። ያበጠውን ዓይኔን አየና አንገቱን ደፋ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም ገና አልማርኩትም።

ከጫካው በኩል አሁንም ተኩስ ይሰማል። ነገ ምን እንደሚመጣ እንጃ። አያ መንገሻ ግን ያበጠ አፉን በጨርቅ ይዞ ወንዙን ሲሻገር ይታየኛል፤ ለቅሶ ሊቀመጥ እየመጣ ነው። አጎቴ ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት።