ባለ ቡቃያው ወገን

ሻውሺንግ፣ ከመቃብር ጠረጋው በዓል ማግስት

የኔ ዌንዪንግ፣ እንደምን ከርመሻል? የእናንተ የሃርቢን በረዶ ዘንድሮም አልቀለጠም አሉ፤ እውነት ነው?

ለባልሽም እንዳትነግሪው እንጂ፣ ትናንት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ተለጥፌ አባትሽንና ጎረቤታችንን አጎት ቺያንን ሳዳምጥ ሩዙን አሳረርኩት።

ምን ላድርግ? አባትሽ የአያትሽን የኦርኪድ አበባ ከሸክላው አውጥቶ ሥሩን ጥላ ላይ አስጥቶታል፤ ጠውለግ ካላለ ሲነኩት ቀጭ ይላላ! "እኔ በሕይወት እያለሁ ለሁለት አይከፈልም" ያለው ሰውዬ! ስታገቢ በቤታችን ወግ ለሴት ልጅ ከአበባው የሚገባትን ድርሻ፣ "ለሰሜን ሾፌር አበባ የለኝም" ብሎ የከለከለሽ። አንቺም "ድርሻዬን ካልሰጠኝ ደጁን አልረግጥም" ብለሽ እንደወጣሽ ቀረሽ።

አጎት ቺያን እንደ ልማዱ ሊነካካው መጣ።

"ሰውዬ፣ ሸክላው መች ጠበበው?"

"ጠቦታል።"

"ዓይኔ አልጠፋ!"

"ካልጠፋ የፈረሱን መንገድ ፈልግልኝ።"

ቅጠል በሚያበቅሉት ራሶች መካከል ያለችውን ክፍተት ማለቱ ነው፤ በእሷ ካልሆነ ቢላ አይገባም። ሲያገኟት አባትሽ ቢላውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ቢበሰብስበትስ? የአባቱ አደራ ነዋ። ብቻ ቆረጠው። ቁስሉ ላይም የከሰል ዱቄት ነሰነሰ።

እኔን ያስገረመኝ የቀጠለው ነው። መቼም እዚህ ኦርኪድ የሚያካፍል ሁሉ አሮጌውን ወገን ሰጥቶ ባለ ቡቃያውን ለራሱ ያስቀራል፤ አባትሽማ በዚህ ማን ይስተካከለዋል! ትናንት ግን ቅጠሉ ያለቀውን ወደ ራሱ ሳበና፣ ባለ ቡቃያውን በደህናው ሰማያዊ ሸክላ ተከለው።

"ኧረ ተሳሳትክ!" አለ አጎት ቺያን። "ወይስ ለእኔ ነው?"

"አንተ እንኳን ኦርኪድ፣ ሽንኩርትም አይበቅልልህ።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

አባትሽ ሸክላውን ጥላ ጥላውን ገፋ ገፋ ሲያደርግ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስማኝማ፣ በረዶ አገር መስኮት ሥር ቢቀመጥ ይሞታል?" አለው።

ልጄ፣ እኔ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ በዚህ ሙቀት፣ የክረምት ካፖርቱን ከሣጥን አውጥቶ ሲያራግፍ አገኘሁት። "ብል እንዳይበላው ነው" አለኝ። ይሁን አልኩ።

ቡቃያው ሥር ሲይዝ ካፖርቱ ወዴት እንደሄደ ወዲያው እጽፍልሻለሁ። እስከዚያው ቤትሽ ይሙቅ፣ ትዳርሽ ይለምልም። አባትሽ ሰላም አላለሽም።

እናትሽ ሹፌን