አጎቴ አስጎበኙኝ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ደባርቅ

ካናዳዊ ከሆንኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ወደ እናቴ ቤት የሚወስደው መንገድ በፓርኩ ውስጥ ያልፋል። ልጅ ሆኜ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ ስጭን የኖርኩበት መንገድ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ፓስፖርቴን ያየችው የፓርኩ ጸሐፊ፣ "የውጭ ዜጋ ያለ አጃቢ ስካውት አይገባም" አለችኝ።

ተረኛው ስካውት አጎቴ ጋሼ አየለ ሆነው ተገኙ። ጠመንጃቸውን አንግተው መጡ። ፈገግም አላሉም።

"እንግዳው እኔን ተከትለው ይምጡ" አሉኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንቱ ብለውኝ አያውቁም።

እግሬ መንገዱን ስለሚያውቀው እየቀደምኩ አስቸገርኳቸው። በቀደምኩ ቁጥር ወደ ኋላ መለሱኝ። የዜግነት ቃለ መሐላ ስፈጽም አዳራሹ ሁሉ አጨብጭቦልኝ ነበር፤ የውጭ ዜጋ መሆኔ የገባኝ ግን ዛሬ ከጋሼ ኋላ ስሄድ ነው። ደግሞ አልከፋኝም። ሳቄን አፍኜ ተከተልኳቸው።

አፋፉ ላይ ቆመው መንደራችንን ቁልቁል አሳዩኝ።

"ያ ባለ ቆርቆሮው የእህቴ ቤት ነው። ልጇ ይመጣል ብላ ጠላ ጠምቃለች።"

"እንግዳ ይገባል?" አልኳቸው።

ጋሼ ከመንገዱ ፈቀቅ ብለው አሳለፉኝ።

"ከዚህ ወዲያ አንተ ቅደም" አሉኝ።