ከጓሮሽ የወሰድኩት ጭቃ

ሸክላዬ፣ ይህ ካርድ እጅሽ ጭቃ ሳለ ይድረስሽ።

ሸክላ ከምትሠሪበት ጓሮ የዘገንኩትን አፈር፣ ምን ምን ማዕድን እንዳለበት በኤክስሬይ እንዲታይ ትናንት በውሃ በጠበጥኩት። አሸዋው ወዲያው ዘቀጠ፤ ደቃቁ ጭቃ ግን ሰዓታት ተንሳፍፎ ቆየ። ከላይ ከላዩን ቀድቼ ሁለት ጣት በምታህል መስታወት ላይ ስስ አድርጌ አፈሰስኩት። ከዚህ በኋላ ሥራው በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ማሞቂያ ላይ ጣድኩት፤ ተሰነጣጥቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቀለለ።

አንቺ ብትኖሪ «ጭቃ ላይ የቸኮለ ገል ይለቅማል» ብለሽ በሳቅ ትፈርሺ ነበር። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ የሚስቅብኝም የለም። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይሠራል፤ ሰላም ስለው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ካንቺ ደጅ ጭቃ ሲረገጥ «በርቺ» ሳይል የሚያልፍ ሰው አለ?

ዛሬ ከተረፈው እንደገና ቀዳሁ። ቀስ ብሎ እስኪደርቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሆነ ያልሆነውን ሳወራው ዋልኩ። የኤክስሬይ ማሽኑ ባለሙያ ማዳመጫውን ነቅሎ «ከማን ጋር ነው ወሬው?» አለኝ። በሦስት ሳምንት የመጀመሪያ ጥያቄው ነበር።

«ከአገሬ ልጅ ጋር» አልኩት።

መስታወቷን አየት አደረገና ማዳመጫውን መልሶ ሰካ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ነገረኛው ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ካርዱ ጥግ ላይ ያለችው ቡናማ አሻራ በጓሮሽ ጭቃ የታተመች የአውራ ጣቴ ናት፤ ቆሻሻ መስላሽ እንዳትጠርጊያት። ጭቃሽ ከእኔ ቀድሞ ቤቱ ገባ።